የዋንዛው ደረጃ

የጠፋው በግ ወይም ብርድ ልብስ ቢሆን ኖሮ መቶ አለቃ ተክለጻድቅ ቁርሱን ጨርሶ ነበር የሚነሣው። ቦንጋ ላይ በግም ብርድ ልብስም ሲጠፋ ኖሯል፤ ሲገኝም ኖሯል። ያን ዕለት ጠዋት የጠፋው ግን ደረጃ ነው። የፎቁ ደረጃ ከነመደገፊያው፣ ከግቢው ድንጋይ እስከ ላይኛው ሰገነት ድረስ፣ አንድ መርገጫ እንኳ ሳይቀር የለም ተባለ። ወሬውን ያመጣው ፖሊስ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ቦንጋ ላይ "ፎቁ" ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ከሱ በቀር ፎቅ የለምና። በሩ ላይ "ኅብረት ሆቴል" የሚል ጽሑፍ አለ። ትርፍ ቤት ሲወረስ የተለጠፈ ስም ነው፤ ከጽሑፉ በቀር የሚጠራው የለም። ታችኛው ቤት ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ መስኮቱ ላይ ሰው ይቀመጥበታል። ላይኛው ቤት ሳንቃ ነው። ክፍሎቹን ዙሪያውን የሚያቅፍ ሰገነት አለው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው መንገድ ደግሞ ያ በግቢው በኩል የሚወጣው የዋንዛ ደረጃ ብቻ ነበር።

ተክለጻድቅ ሲደርስ ግቢው እንደ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ ወንዶቹ ደግሞ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሰገነቱ ላይ ከጅማ የመጣው ካድሬ ጓድ ግዛቸው ካኪውን ለብሶ ቆሟል። ከኋላው አዳዲስ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

ጓድ ግዛቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን የሚወድ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል ዝግጅት ስብሰባ ሲጠራ ነበር የከረመው። ማክሰኞ ዕለት ብቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሯል። እያንዳንዱ የብዙኃን ማኅበር ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ በነጻ ጉልበቱ፣ የከተማውን ያረጀ ነገር ሁሉ እንዲያድስ አሳስቦ በጭብጨባ ነው የወረደው። ዛሬ መውረድ አቅቶታል።

መሰላል መጣ። ካድሬው ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ አንዱን ረግጦ ሌላውን እየፈለገ ወረደ። ማንም አልሳቀም፤ ግን ሁለት ሦስት ሰው አሳለው። ሽማግሌዎቹ ሲለመኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኛ ለክብር ነገር ነው የመጣን" አሉ በዕድሜ የገፉት ከላይ ሆነው። "በመሰላል የወረደ ሽማግሌ ሰው ደጅ ቆሞ ምን አፍ ይኖረዋል? ደረጃው ሲገኝ እንወርዳለን።"

ተክለጻድቅ የምን የክብር ነገር እንደሆነ ካድሬውን ጠየቀ። ግዛቸው ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈ የግል ጉዳይ ነው፣ ከምርመራው ጋር አይገናኝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መቶ አለቃ፣ ይሄ ተራ ስርቆት አይደለም። አሻጥር ነው። ዘበኛው ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ ሙሉ ደረጃ ይሰረቃል? እስከ ማታ የሠራውን ሰው ካላገኘህ ነገ ጠዋት ዘበኛውን ላንድሮቨሩ ላይ ጭኜው ነው ወደ ጅማ የምሄደው።"

ዘበኛው ደጉ ይባላል። ፎቁን ከባለቤቱ ዘመን ጀምሮ የጠበቀ፣ ጉንጩ የሰረጎደ ደግ ሽማግሌ ነው። በዚያ ዘመን "አሻጥረኛ" ተብሎ ጅማ የተላከ ሰው ስንቅ ቢከተለውም ወሬው ተመልሶ አይመጣም ነበር። ተክለጻድቅ ይህን ያውቃል። ደጉ ግን እጁን ለፖሊሱ ሲሰጥ ለሠርግ የተጠራ ነበር የሚመስለው።

ተክለጻድቅ ደረጃው ከነበረበት ቦታ ተንበረከከ። ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ዘንቧል፤ ኮቴ የሚባል ነገር የለም። ሰገነቱ ጫፍ ላይ የመጋዝ ጥርስ ያረፈበት ምልክት ፈለገ፤ አጣ። የተነቀለ የብረት ሚስማር ቀዳዳም የለም። ጭቃው ውስጥ ግን ጣት የምታክል፣ ባንድ በኩል ሾጠጥ ብላ የተጠረበች፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረች የእንጨት ሚስማር አገኘ። ጠራርጎ ኪሱ ከተታት።

ሆዱ ባዶ ስለነበረ እግረ መንገዱን ወደ ወጥ ቤቱ ጎራ አለ። እትዬ ሙሉነሽ፣ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ፣ እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ቦንጋ ተዛውሮ ከመጣ ጀምሮ ያወፈሩት ሴት ናቸው። ዛሬ እንግዳ አለብኝ ብለው ፈቃድ ወስደዋል ተባለ። ምትካቸው ያቀረበችለትን ሻይ ቀምሶ መልሶ አስቀመጠው። ያ ቀን ከዚያ በላይ ሊከፋ አይችልም ብሎ አሰበ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የፖሊስ እንጀራም ጥርጣሬ ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው አናጢው ማሙሽ ሆነ። ዋንዛ የሚገዛም የሚሸጥም እሱ ነው። ሱቁ ውስጥ ግድግዳውን አስደግፎ ያቆማቸው ሳንቃዎች በርዝመትም በስፋትም ከደረጃው መርገጫ ጋር አንድ ናቸው። ተክለጻድቅ እጁን ሳንቃው ላይ አሳረፈ።

ማሙሽ መላጊያውን አስቀምጦ አየው። "ዳብሰው፣ በደንብ ዳብሰው" አለው። "ልስልስ ያለ አዲስ ሳንቃ ነው። የፎቁ ደረጃ እኮ መሃል መሃሉ ጎድጉዷል፤ ሠላሳ ዓመት እግር የወጣበት የወረደበት ነው። እሱን አልጋ አድርጌ ብሸጥ፣ የተኛበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወደ መሃል ሲንከባለል ያድራል።"

ተክለጻድቅ ያቺን የእንጨት ሚስማር አሳየው። ማሙሽ እያገላበጠ አይቶ የሱ ሥራ እንዳልሆነች፣ እሱ የሚያውቀው በብረት ሚስማር መምታት እንደሆነ ነገረው። እንዲህ ያለውን የሚሠራ ሰው ድሮ ቀርቷል አለ። ከዚያ ይልቅ ቤታቸው የተወሰደባቸውን ሰውዬ ብትጠይቅ ይሻላል ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ተክለጻድቅም ሲያስበው የነበረውን ነው የነገረው። ፎቁን ያሠሩት አቶ ወልደአማኑኤል ከሸዋ መጥተው በቡና የከበሩ ነጋዴ ናቸው። ከውርሱ በኋላ እዚያው የራሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ጓሮ ካለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ቂም የሚይዝ ሰው ቢፈለግ ከሳቸው የተሻለ ከየት ይመጣል? ሲደርስ ግን ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብቻቸውን ይስቃሉ።

"ሲወርድ አየኸው?" አሉት ገና ሳይቀመጥ። "ደረጃዬ ያን ክረምት ሳይሠራ ቀርቶ ቢሆን እኔም እንደዚያ ስወርድ ነበር የምኖረው።"

ሳቃቸው ሲበርድ ነገሩን ከሥሩ ተረኩለት። ፎቁ ሲሠራ ክረምት ነበር። ቆርቆሮው ቀድሞ ደርሷል፤ ሚስማር የጫነው መኪና ግን ጎጀብ ሞልቶ ማዶ ቀረ። ቦንጋ ውስጥ አንድ ኪሎ ሚስማር ጠፋ። ጠራቢው ገብረ ኢየሱስ የሚባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እልኸኛ ሰው ነበር። መኪናው እስኪመጣ በእንጨት ሚስማር ላያይዘው፣ ሲደርስ ፈትቼ በብረት እመታዋለሁ ብሎ ደረጃውን በሽብልቅና በእንጨት ሚስማር ገጠመው። ሚስማሩ የመጣው መስከረም ሲጠባ ነው። ያኔ ደረጃው ላይ ስድስት ሰው ወጥቶ ዘለለበት፤ ንቅንቅ አላለም። ተውነው አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

"ስለዚህ ሳይሰበር ይፈታል ማለት ነው?" አለ ተክለጻድቅ።

"የመፍቻውን ተራ ለሚያውቅ እንደ ነጠላ ነው የሚተጣጠፈው። ለማያውቅ ግን በመጥረቢያም አይነቃነቅለት። አንተ ደግሞ እኔን ነው የጠረጠርከው አይደል?" ሽማግሌው እንደገና ሳቁ። "ቤቱን ከነነፍሱ ወስደውብኝ ዝም ያልኩ ሰው፣ ደረጃውን ብቻ ልሰርቅ? ለነገሩ ይሄን የመሰለ ሐሳብ ቢመጣልኝ ኖሮ በደስታ አደርገው ነበር።"

ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰው ናቸው፤ አንድ መርገጫ እንኳ አያነሡም። ተክለጻድቅ ከጥርጣሬ ዝርዝሩ ሰረዛቸው። ዝርዝሩም ባዶ ሆነ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደ ጣቢያ ተመለሰ። ደጉ እስር ቤቱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ያንጎራጉራል። ተክለጻድቅ በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሽ ደጉ፣ ነገ ጅማ ሊወስዱዎት ነው። ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ምንም አልሰማሁም ነው የሚሉኝ? ደረጃ ሲፈታ?"

"ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እግዜርም ጸሎት አይሰማ።" ደጉ አንድ ነገር ልጠይቅ አለ። ተክለጻድቅ የልጆቹን ወይም የቤቱን ነገር ሊያነሣ ነው ብሎ ጠበቀ። "ወንዙ ጎደለ?"

"የቱ ወንዝ?"

"የማንኪራው መንገድ ላይ ያለው።"

ተክለጻድቅ ግራ ገባው። ረፋድ ላይ እንደጎደለ፣ ሰው እየተሻገረ እንደሆነ ከገበያተኛ መስማቱን ነገረው። ደጉ ፊቱ በራ፤ ሳይነካው የቆየውን ምሳውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ መብላት ጀመረ። ነገ ሊወሰድ ያለ ሰው የወንዝ መጉደል ምን እንዲህ ያስደስተዋል? ተክለጻድቅ ይህን እያመነዠከ ወጣ።

ከፎቁ ፊት ለፊት የመኪያ ሱቅ አለ። ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዲና የከተማው ወሬ ሁሉ እዚያ ይገኛል። መኪያ ጎሕ ሲቀድ በሯን የምትከፍት ሴት ስለሆነች ደረጃ የተሸከመ ሰው ከግቢው ሲወጣ አይታ እንደሆነ ጠየቃት። በአላህ ስም ምላ አላየሁም አለች። የጫነ ጋሪስ? የለም። መኪናስ? ከካድሬው በቀር መኪና ያለው ማን ነው? ተክለጻድቅ ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል እሷ የራሷን ብሶት ጀመረች።

"ይልቅ አንተ ፖሊስ ነህ፤ የከተማውን ሴቶች ምን እንደነካቸው መርምርልኝ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በዚህ አለፉ። አምስት ናቸው ስድስት። እኔ ማገዶ ጨርሻለሁ፣ 'ኑ ልግዛችሁ' ብዬ ተጣራሁ። አንገታቸውን ደፍተው፣ 'አንሸጥም' ብለውኝ ቁልቁል ወረዱ። ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?"

"ቁልቁል ወዴት?"

"ወደ ማንኪራው መንገድ ነዋ፣ ወደ ጫካው።"

ተክለጻድቅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቦንጋ ላይ ማገዶ በየጠዋቱ ከጫካ ወደ ከተማ ይገባል፤ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲያ ነው። ከከተማ እንጨት ተሸክሞ ወደ ጫካ መውረድ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። መኪያን አመስግኖ ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ ወፍራም ሰው ሲሆን እንዲያ ሲፈጥን ማንም አይቶት አያውቅም።

ከከተማው ጫፍ፣ የማንኪራው መንገድ ከእንሰቱ መሃል ከሚገባበት ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አዲስ ዳስ ተጥሏል። ሳቅና እልልታ ይሰማል። የእትዬ ሙሉነሽ ቤት መሆኑን ያወቀው ራሳቸውን ደጃፍ ላይ ሲያያቸው ነው። እሳቸውም አዩት። የጠጅ ብርሌ እንደያዙ፣ እንግዳ እንግዳ ነው፣ ይግቡ አሉት።

ዳሱ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ የተለወሱ አራት ሽማግሌዎች ረጅም መቀመጫ ላይ ተደርድረዋል። ከማንኪራ ነው የመጡት፤ እርስ በርሳቸው በካፊኛ እየተጫወቱ ይስቃሉ። ከጎናቸው አንድ ጎልማሳ መሬት መሬቱን እያየ ይሽኮረመማል። የእትዬ ሙሉነሽ ልጅ የምሥራች ጓዳው በር ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይነቃነቃል። ለተክለጻድቅ ቦታ ለቀቁለት። ሲቀመጥ ሚዛኑን ለመጠበቅ መዳፉን መቀመጫው ላይ አሳረፈ። መሃሉ ላይ የለሰለሰ፣ የሰረጎደ፣ የሰው እግር የሚያህል ጎድጓዳ ነበር።

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሌላውም መቀመጫ ዋንዛ ነው። የዳሱን ጣሪያ የተሸከሙት ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ጎን ጎናቸው የተቦረቦረ ነው፤ መርገጫ የሚገባበት። መደገፊያው የእንግዶቹ ጋቢ ተሰጥቶበታል። የፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የጠጅ ብርሌ ይዟል።

"እትዬ ሙሉነሽ" አለ ዝግ ብሎ።

እትዬ ሙሉነሽ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። አልካዱም።

"ገብረ ኢየሱስ ባሌ ነበር" አሉ። "እሱ ሲጠርብ ያን የእንጨት ሚስማር በእሳት ዳር የሳልኩት እኔ ነኝ። የምሥራችን መሠረተ ትምህርት ልታስተምር ማንኪራ ላኩብኝ። ይሄን ልጅ፣ ወልደ ማርያምን፣ ሀ ሁ ላስቆጥር ብላ ሄዳ ልቧን ትታ መጣች። ንብ አናቢ ነው፤ ደግ ልጅ ነው። የሱ ሽማግሌዎች ትናንት ሊደርሱ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ማዶ አደሩ። ማታ ደግሞ ጓድ ግዛቸው ሁለት ሽማግሌ ከጅማ አምጥቶ ፎቅ ላይ አስተኛ። ጠዋት ደጄ ሊመጡ።"

"እምቢ ማለት ይችሉ ነበር።"

"ካድሬን እምቢ?" ሴትዮዋ ዓይኑን ትክ ብለው አዩት። "እርስዎ ፖሊስ ነዎት፤ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። 'ልጄን አልሰጥህም' ብል ጠላቱ ነኝ። 'ቀድመውህ መጥተው ቃል ሰጥቻለሁ' ብል ግን ባህል ነው፤ ማንም ማንንም አይቀየምበትም። ግማሽ ቀን ብቻ ነበር ያስፈለገኝ። ሽማግሌ ለሽምግልና ወጥቶ በመሰላል እንደማይወርድ አውቃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለን እየመታን ፈታነው፤ ሴቶቹ ናቸው የረዱኝ። መርገጫውን በጀርባችን፣ ረጃጅሙን ለዳስ ብለን በትከሻ።" ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ። "ደጉ የክርስትና አባቷ ነው። 'እኔን ቢያስሩኝም የምሥራችን ቃሏን አስጨርሱ' አለ። አሁን ቃሉ አልቋል። እኔን ውሰዱኝና እሱን ፍቱልኝ።"

ጓዳው በር ላይ የየምሥራች ሳቅ ቆሟል። ተክለጻድቅ ብርሌውን አየ፣ መቀመጫውን አየ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የተለጠጠ ቀበቶውንም አየ። እኚህን ሴት አስሮ ማታ ምን ሊበላ ነው? ለራሱ ነበር የቀለደው፤ እውነቱ ግን ልቡ ቀልጧል። ለአንዲት ልጅ ደስታ አንድ ሽማግሌ እየዘፈነ እስር ቤት የገባበት ወንጀል በአገልግሎቱ ገጥሞት አያውቅም። ሕጉንም አሰበ። የተሰረቀ ዕቃ ከተገኘና ወደ ቦታው ከተመለሰ ማን ምን ተበደለ?

ከዚያ የማክሰኞው ንግግር ትዝ አለው። ፈገግታው ከከንፈሩ እስከ ጆሮው ሄደ።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ እርስዎ የሴቶች ማኅበር አባል ነዎት?"

"ሁላችንም ነን። በግድም ቢሆን።"

"ደረጃው ሲወጣ ሲጢጥ ይል ነበር። አርጅቷል። አይደለም?"

ሴትዮዋ ለአፍታ አልገባቸውም። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ሰም አላችሁ?" አለ ተክለጻድቅ ወደ ወልደ ማርያም ዞሮ። ንብ አናቢን ሰም አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ራሱ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ዳሱ በሙሉ ሳቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቦንጋ ሰው ያየውን ነገር እስከ ዛሬ ያወራዋል። የሴቶች ማኅበር አባላት በሰልፍ፣ እየዘፈኑ፣ በሰም ተወልውሎ እንደ መስተዋት የሚያበራ ደረጃ በየቁራጩ ተሸክመው ዋናውን መንገድ ወጡ። መኪያ ሱቋን ዘግታ ተቀላቀለች፤ ቀድሞ ሳይነግሯት በመቅረታቸው ተቀይማ መደገፊያውን ብቻዋን ካልያዝኩ አለች። ጓድ ግዛቸው ከግቢው በር ላይ ቆሞ ሲያይ አፉን ከፍቷል።

ተክለጻድቅ ሰላምታ ሰጠ። "ጓድ፣ ምርመራው ተጠናቋል። ስርቆትም አሻጥርም አልተገኘም። ማክሰኞ በሰጡት ማሳሰቢያ መሠረት፣ የሴቶች ማኅበር አባላት ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ በነጻ ጉልበታቸው ደረጃውን አውርደው አድሰዋል። ዘበኛው ለበዓሉ ድንገተኛ ስጦታ መሆኑን ስለተነገረው ነው ምስጢር የጠበቀው።"

ካድሬው ሴቶቹን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ተክለጻድቅን ረዘም አድርጎ አየ። ሕዝቡ ይጠብቃል። የገዛ ንግግሩን አሻጥር ነው ሊል አይችልም። እጁን አነሣና አጨበጨበ፤ ግቢው ሁሉ ተከተለው። ደረጃው እዚያው ተገጠመ፤ ደጉም ከጣቢያ እየሮጠ መጥቶ መዶሻ አቀባይ ሆነ።

ከጅማ የመጡት ሽማግሌዎች ቀስ ብለው፣ በሙሉ ክብራቸው፣ በሚያበራው ደረጃ ወረዱ። እዚያው ግቢ ውስጥ የመጡበትን ነገር ለእትዬ ሙሉነሽ ገለጡ። እትዬ ሙሉነሽ ጎንበስ ብለው ከማንኪራ ሽማግሌ ቀድሞ መምጣቱን፣ ቃልም መስጠታቸውን ነገሯቸው። አዛውንቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አሉ። "ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ አይሄድም። ልጄ ግዛቸው፣ በዚህ የሚያሳፍርህ የለም፤ ወግ ነው።" ግዛቸው ጉሮሮውን ጠራርጎ ለሙሽራዋ መልካሙን ተመኘ። ከማክሰኞው ይልቅ ያኔ አጭርና ጥሩ ንግግር ተናገረ።

ሰው ሲበተን ተክለጻድቅ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ሦስተኛውን መርገጫ ሲረግጥ ሲጢጥ አለ። እትዬ ሙሉነሽ ጆሯቸውን ቀሰሩ።

"አንዲት ሚስማር ጎድላለች" አሉ። "ጭቃ ውስጥ ሳትወድቅብን አልቀረችም። ሌላ መሳል አለብኝ።"

ተክለጻድቅ እጁን ኪሱ ከተተ። ጠዋት ያገኘውን ብቸኛ የወንጀል ማስረጃ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። እትዬ ሙሉነሽ ሚስማሯን ከቀዳዳዋ ከተው በመዶሻው ሁለቴ መቷት።

ተክለጻድቅ መርገጫውን እንደገና ረገጠው። ድምፅ የለም። ከዚያ ራት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው።